ምዕራፍ ሰባት፦ ዲማን ያጣው መፈለጊያ

ዲማ ጊዮርጊስ በምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ የቅኔ አገር ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ከደብረ ኤልያስና ከደብረ ወርቅ ሌላ የቤተ ክህነት ትምህርት የቀሰሙት እዚያ ነው፤ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥም ፊታውራሪ መሸሻን፣ ሰብለ ወንጌልንና ጉዱ ካሣን ያኖሯቸው ዲማ ነው። መጽሐፉን ያነበበ፣ ወይም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሰው ዲማን ሳያያት ያውቃታል። እንግዲያው ስለ ዲማ የተጻፈ ነገር ከአንድ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ፈልጎ ማግኘት ቀላል መሆን ነበረበት።

አንዲት የጂሲ (የምረቃ ዓመት) ተማሪ እናስብ። አድቫይዘሯ «ስለ ዲማ የቅኔ ትምህርት መሥራት ትችያለሽ፤ መጀመሪያ ግን ከዚህ በፊት የተሠራውን አይተሽ ነይ» ብሏታል። ማታ ዶርም አልጋዋ ላይ ሆና ስልኳን ታወጣና የቤተ መጻሕፍቱን ድረ ገጽ ትከፍታለች። ገጹ ይንቀራፈፋል፤ ላይኛው ክፍል በተንሸራታች ፎቶዎች ተይዟላ! ሪባን የሚቆርጡ እንግዶች፣ ጋዋን የለበሱ ምሩቃን፣ ሰነድ የሚፈራረሙ ሁለት ሰዎች። ቀጥሎ ራእይ፣ ተልእኮ፣ እሴቶች። ከዚያ የዳይሬክተሩ መልእክት። መፈለጊያዋ ሳጥን ከዚህ ሁሉ በታች ተሸጉጣለች።

«ዲማ ጊዮርጊስ» ብላ ትጽፋለች። ምንም የለም። «ዲማ» ብቻ ትላለች። አሁንም የለም። ምናልባት በላቲን ፊደል ተመዝግቦ ይሆናል ብላ በእንግሊዝኛ ትሞክራለች፤ በዚህ ጊዜ ውጤት ይመጣል፤ ነገር ግን ጋምቤላ ስላለው ዲማ፣ ስለ ስደተኞች መጠለያው የተሠሩ ጥናቶች ናቸው። ትወጣና በዲፓርትመንቷ የቴሌግራም ግሩፕ «ስለ ዲማ ሪሰርች ያለው አለ?» ብላ ትለጥፋለች። ከእሷ ቀድሞ የተመረቀ የአገሯ ልጅ አንድ ፒዲኤፍ ይልክላታል። ያ ጥናት እኮ ያለው መጀመሪያ በፈለገችበት ቤተ መጻሕፍት ነው! ጥራዙ መደርደሪያ ላይ፣ ቅጂውም ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል።

ተማሪዋን የፈጠርኳት እኔ ነኝ። ከእንዲህ ዓይነት ገጾች ጋር የታገለ ሰው ግን እያንዳንዱን እርምጃዋን ያውቀዋል። ለእኔ ከሁሉም የሚያሳስበው ነገር፣ ቤተ መጻሕፍቱ ልጅቷ መጥታ ባዶ እጇን መመለሷን አለማወቁ ነው። በአካል መጥታ ቢሆን ኖሮ መዝገብ ያዡ ፊቷን አይቶ «ምን ጠፋብሽ?» ይላት ነበር። ድረ ገጹ ዓይን የለውም። ይህ ምዕራፍ ዓይን ስለሚተከልለት መንገድ ነው።

በነገራችን ላይ የፎቶው ጉዳይ የእኛ ብቻ በሽታ አይደለም። አሜሪካዊው የካርቱን ሠዓሊ ራንደል መንሮ «ኤክስኬሲዲ» በሚባለው ተከታታይ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2010 ሁለት የተጠላለፉ ክቦች ሣለ። አንደኛው ክብ ዩኒቨርሲቲዎች በፊት ገጻቸው ላይ የሚያስቀምጡትን ይዟል፦ የግቢ ፎቶዎች፣ የፕሬዚዳንቱ ደብዳቤ፣ ጋዜጣዊ መግለጫ። ሁለተኛው ሰው ፈልጎ የሚመጣውን፦ የመምህራን ስልክ፣ የትምህርት ካላንደር፣ የማመልከቻ ቅጽ፣ ቦታን በትክክል የሚያሳይ ካርታ። ሁለቱ ክቦች የሚጋሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የዩኒቨርሲቲው ሙሉ ስም። እኛን አይቶ የሣለው ይመስላል።

ድረ ገጽ ይታደስ ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚደረገው ኮሚቴ ማቋቋም ነው። ኮሚቴው የሌሎችን ዩኒቨርሲቲዎች ገጽ ያያል፣ ቀለም ይመርጣል፣ «የተጠቃሚ አስተያየት ተካቷል» ለማለት ደግሞ መጠይቅ ያድላል። መጠይቁ ላይ ሁለት ችግር አለ። የመጀመሪያው ይሉኝታ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ጋሼ ራሳቸው ያደሉትን ወረቀት፣ ጋሼ ከፊት ቆመው እየጠበቁ፣ «በጣም ደካማ» የሚለው ላይ የሚያከብብ ተማሪ ማግኘት ዲማን ከዚያ መፈለጊያ ከማግኘት አይቀልም። ሁለተኛው ይበልጥ ሥር የሰደደ ነው፤ ሰው ያደረገውን በትክክል አያስታውስም፣ የሚያደርገውንም በትክክል አይተነብይም። «የቤተ መጻሕፍቱን ድረ ገጽ ትጠቀማለህ?» ሲባል «አዎ» ይላል። አልዋሸም፤ አንድ ቀን ከፍቶት ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ስለተንጠለጠለው፣ ቁልፉ የት እንደገባ ስለማይታወቀው የአስተያየት ሳጥን ባላነሣ ይሻላል።

በኒውዮርክ ግዛት የሚገኘው የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይህን ተረድቶ ያልተለመደ ነገር አደረገ፤ አንትሮፖሎጂስት ቀጠረ። ናንሲ ፍሪድ ፎስተር ቀደም ሲል በፓፑዋ ኒው ጊኒ የመስክ ጥናት የሠራች ባለሙያ ናት። ሩቅ አገር ሄዶ የሰውን አኗኗር ማጥናት ከተቻለ፣ እዚሁ ግቢ ያሉትን ተማሪዎች እንደዚያው ማጥናት ለምን አይቻልም? ከሱዛን ጊበንስ ጋር ያዘጋጀችው የጥናቱ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2007 ታተመ።

ያደረጉት ነገር ቀላል ነው፤ ለዚህም ነው ደስ የሚለኝ። ለተማሪዎች የግቢውን ካርታ ሰጥተው ቀኑን ሙሉ የት የት እንደዋሉ እንዲያሰምሩ አደረጉ። ካሜራ ሰጥተው የሚያጠኑበትን ቦታ፣ ቦርሳቸው ውስጥ ያለውን፣ የጠፉበትን ሥፍራ ሳይቀር እንዲያነሡ ጠየቁ። ለድረ ገጹ ደግሞ ወረቀትና እስክሪብቶ አቅርበው «ለእናንተ የሚሆን የቤተ መጻሕፍት ገጽ ሥሩልን» አሏቸው። «ይህ ገጽ ጥሩ ነው ወይ?» ብለው ቢጠይቁ ኖሮ «ጥሩ ነው» ይባሉ ነበር። ባዶ ወረቀት ግን ይሉኝታ የለውም። ተማሪው በመጀመሪያ የሣለው ነገር የሚያስፈልገው ነው፤ ጭራሽ ያልሣለው ደግሞ ኮሚቴው አንድ ወር የተከራከረበት ሊሆን ይችላል።

ከግኝቶቹ አንዱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚሠሩትን ያስደነገጠ ይመስለኛል። ተማሪዎች የጽሑፍ ሥራ ሲከብዳቸው ከባለሙያው ይልቅ እናት አባታቸው ጋ ይደውሉ ነበር። ባለሙያው ማጣቀሻ ብቻ ያሳያል፤ እናት ግን ርእስ ታስመርጣለች፣ ረቂቁን ታነባለች፣ ታጽናናለች። ለተማሪው ነገሩ ሁሉ አንድ ጭንቀት ነው፤ «ይህ የሪፈረንስ ክፍል ሥራ ነው፣ ያ የሌላ ክፍል» ብሎ አይከፋፍለውም። የእኛዋ የዲማ ተማሪ ምናልባት ወላጆቿ ጋ አትደውልም፤ ገበሬ አባቷ ስለ ማጣቀሻ ምን ሊሏት? እሷ የምትሄደው ሲኒየር ጋ፣ የአገሯ ልጅ ጋ ነው። ቦታው ተለወጠ እንጂ ጠባዩ ያው ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ገጽ የሚወዳደረው ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ገጽ ጋር ሳይሆን ከዚያ የቴሌግራም ግሩፕ ጋር ነው ማለት ነው፤ ግሩፑ ደግሞ ሌሊትም ይመልሳል።

አንትሮፖሎጂስት ለመቅጠር በጀት የለም ለሚል ዳይሬክተር ርካሹ መንገድ አጠገብ ቁጭ ብሎ ማየት ነው። አንድ ተማሪ፣ የራሱ ስልክ፣ አንድ ሥራ። ሥራውም «ድረ ገጹን እየው» አይባልም፤ ቁርጥ ያለ መሆን አለበት፦ «ስለ ዲማ ጊዮርጊስ የተሠራ የማስተርስ ጥናት አግኝና ከፍተህ የመጀመሪያውን ገጽ አሳየኝ።» ከዚያ ተመልካቹ ዝም ይላል። ይህ ዝምታ ከሁሉ ይከብዳል። በቤተ መጻሕፍት ሠላሳ ዓመት ያገለገለ ሰው ተማሪ ሲሳሳት አይቶ «እዚያ አይደለም፣ ከጎኑ» አለማለት ያቅተዋል።

«ጋሼ፣ ይህችን ልንካት?»

«እኔ ባልኖር ምን ታደርግ ነበር?»

«እ... እተወው ነበር።»

ይቺ «እተወው ነበር» በማንኛውም መጠይቅ ላይ አትገኝም። ተማሪው የቆመበትን ሰከንድ፣ የነካውን ነገር፣ ያሰበውንም (እያሰበ ጮክ ብሎ እንዲናገር ይጠየቃል) መመዝገብ ነው። ስንት ተማሪ ይበቃል? ዴንማርካዊው ያኮብ ኒልሰን ከቶማስ ላንዳወር ጋር እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው ስሌት አንድ ተጠቃሚ በአማካይ 31 በመቶውን ችግር ያጋልጣል፤ አምስት ሰው ወደ 85 በመቶ ያደርሳል። የኒልሰን ምክር ታዲያ አሥራ አምስት ሰው በአንድ ጊዜ ከማየት አምስት አይቶ ማረም፣ ደግሞ አምስት አይቶ ማረም ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ጃሬድ ስፑልና ዊል ሽሮደር ትልልቅ የንግድ ድረ ገጾችን ፈትነው የመጀመሪያዎቹ አምስት ሰዎች ያገኙት 35 በመቶውን ብቻ ነው ሲሉ ተቃወሙት። ክርክሩ አላለቀም፤ ለእኛ ግን ያን ያህል አያስጨንቅም። ማንም ሳያይ ከታደሰ ገጽ አምስት ሰው ያየው ይሻላል። አምስቱ ግን አንድ ዓይነት እንዳይሆኑ፤ አንድ ፍሬሽማን፣ አንድ ጂሲ፣ አንድ የኤክስቴንሽን ተማሪ፣ አንድ መምህር፣ አንድ ማየት የተሳነው በስክሪን አንባቢ የሚጠቀም።

ሌላው ዓይን ደግሞ ከወዲሁ ተተክሏል፤ የሚያየው ጠፋ እንጂ። መፈለጊያው ላይ የተጻፈ ነገር ሁሉ በአገልጋዩ ኮምፒውተር ላይ ዱካ ይተዋል። ከዚያ ውስጥ ምንም ውጤት ያላገኙትን ፍለጋዎች ነጥሎ በየሳምንቱ ማንበብ ማንም ሳይጠየቅ የተሰጠ አስተያየት ማንበብ ነው። የማን ስልክ እንደሆነ ማወቅ አያስፈልግም፤ እንዲያውም መፋቅ አለበት። የተጻፈው ቃል ብቻ ይበቃል። ይህን ዝርዝር በአማርኛ ያነበበ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ደግሞ የፊደላችንን ጉዳይ ነው።

«ሐዲስ ዓለማየሁ» ብለው ይጻፉ። የመጀመሪያው ፊደል በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ፣ በኃ ሊጻፍ ይችላል፤ ስድስት። የአባት ስም መነሻ በአ፣ በኣ፣ በዐ፣ በዓ፤ አራት። ስድስት ጊዜ አራት 24። የመጨረሻዋን ሁ በሑና በኁ ብንለውጣት 72 ይደርሳል፤ እንዲህ የሚጽፍ ሰው ባይኖርም ለኮምፒውተሩ ሁሉም የተለያየ ሰው ነው። መዝጋቢው በሐ እና በዓ ካስገባው፣ ተማሪው በሀ እና በአ ከፈለገው፣ የጎጃሙ ታላቅ ደራሲ በጎጃም ቤተ መጻሕፍት የለም። የመጽሐፉ ርእስ ደግሞ «እስከ» እና «መቃብር» ተለያይተውም ተጣብቀውም ይጻፋል። በላቲን ሲሆን ይብሳል። ጎጃም በአንድ ጄ፣ በሁለት ጄ፣ የሊቃውንቱን አጻጻፍ ሲከተል ደግሞ ጂ ላይ ምልክት ተደርጎ ይመጣል፤ ማርቆስ በኬ፣ በኪው፣ ጣሊያኖቹ ሲጽፉት በሲ። ዲማ ራሷ በአንድ ኤም ወይም በሁለት።

መፍትሔው ከሚታሰበው በላይ ቀላል ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የተለመደው የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ኮሀ ነው፤ ኒውዚላንድ ውስጥ ለአንድ አነስተኛ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ የጀመረ፣ ለማንም በነፃ የሚሰጥ። ኮሀ ለፍለጋ የሚገለገልባቸው ዜብራም ሆነ ኢላስቲክሰርች «ይህን ፊደል እንደዚያኛው ቁጠረው» የሚል ሠንጠረዥ ይቀበላሉ። ሐ እና ኀ እንደ ሀ፣ ሠ እንደ ሰ፣ ዐ እንደ አ፣ ፀ እንደ ጸ ይቆጠሩ ማለት የአንድ ፕሮግራመር የጥቂት ቀን ሥራ ነው። ፊደል ይቀነስ አይቀነስ የሚለው የቆየ ክርክርም እዚህ አይገባም፤ የሚለወጠው ማሽኑ በውስጡ የሚያነጻጽርበት ነው እንጂ በገጹ ላይ የሚታየው ስም እንደተጻፈ ይቀራል።

ይሁንና የቅኔ ቤት ሰው አንድ ተቃውሞ ያነሣል፤ ልክም ነው። በግእዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ ብቅ አለ ነው፤ «ሰረቀ» ግን ያው ሌብነት ነው። የዲማ መምህር ሁለቱን ያምታታ ተማሪ በዋዛ አይለቁትም። ስለዚህ መፈለጊያው ሁለቱንም ያምጣ፤ ግን ልክ እንደተጻፈው የሆነውን በመጀመሪያ፣ ሌላውን ከሥር ያድርግ። ይህን ያህል ጨዋነት ከማሽንም ይጠበቃል።

ከፊደል መንታነት የባሰ ሌላ የተደበቀ ቋጠሮ አለ። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደሚባለው የኮምፒውተር ፊደላት መለያ ሥርዓት የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ3.0 እትሙ ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ ጽሑፋችን የሚተየበው በቪዥዋል ግእዝ፣ በፓወር ግእዝና በመሰል ሶፍትዌሮች ነበር። አብዛኞቹ ለዓይን አማርኛ ያሳያሉ፤ ከሥር ግን ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ነው። ከእንዲህ ዓይነት ፒዲኤፍ አንድ አንቀጽ ገልብጠው ሌላ ቦታ ቢለጥፉ የሚመጣው ትርጉም የለሽ ዝብርቅርቅ ነው። ስለ ዲማ የተሠራው ጥናት በዚያ ዘመን ተተይቦ ከሆነ፣ «ዲማ» የሚለው ቃል በውስጡ መቶ ጊዜ ቢጻፍም ለመፈለጊያው አንድም ጊዜ የለም። ሁሉን መልሶ መተየብ አይቻል ይሆናል፤ ርእሱን፣ የጸሐፊውን ስም፣ የቦታዎችን ስምና አጠቃሎውን ግን በዩኒኮድ ማስገባት ይቻላል። ለአንድ ጥናት ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ለእኔ ከአዲስ ቀለምና ከአዲስ ሎጎ ሁሉ ቀድሞ ገንዘብ የሚወጣበት ይህ ነው።

የስም አያያዝም እንዲሁ ነው። በእኛ አገር ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፤ ዓለም አቀፉ የካታሎግ ልማድም የኢትዮጵያን ስም ሳይገለብጡ መመዝገብን ያውቃል። ቅጹ ግን «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን ካለው መዝጋቢው «ዓለማየሁ፣ ሐዲስ» ብሎ ይሞላል፤ ሌላው መዝጋቢ ሳይገለብጥ ያስገባል፤ አንድ ደራሲ ለሁለት ይከፈላል። ዓመተ ምሕረቱም የራሱ ጣጣ አለው። መጽሐፉ ሽፋን ላይ 1958 ይላል፤ የውጭ ካታሎግ 1965 ወይም 1966 ይላል፤ ቅጹ ውስጥ ያለው ቁጥር የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ የሚለይ ምልክት ከሌለ፣ በዓመት ማጣራት ዝም ብሎ ያሳስታል።

በአስተያየት ማሰባሰብ ወቅት ተጠቃሚው «ይህ የለም» የሚለው ነገር አንዳንዴ በእርግጥም ግቢው ውስጥ የለም፤ ግን ሌላ አገር አለ። የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት የሚባለው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1973 ተጀምሮ ጎጃምን ጨምሮ ከየገዳማቱና ከየአድባራቱ በሺህ የሚቆጠሩ ብራናዎችን በፊልም አነሣ። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፤ ሌላው በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል ቤተ መዘክርና የብራና ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ። ዛሬ ይህ ተቋም ብዙውን በድረ ገጹ ያሳያል፤ በነፃ ተመዝግቦ ማንበብ ይቻላል። ደብረ ማርቆስ ያለ ተማሪ ከቤቱ ጥቂት ሰዓት የማይርቅ ገዳም ብራና በሚኒሶታ በኩል ሊያይ ይችላል ማለት ነው። ይህን ግን ማን ይነግረዋል? አንድ መስመር አገናኝ፣ ከጎኑም «ፍለጋው በላቲን ፊደል ነው፤ ዲማን እንዲህ ብለህ ጻፍ» የሚል ማብራሪያ በቂ ነበር። የዲማን ነገር የሚያጠና ሰው ገዳሙን እንደመሠረቱ የሚነገርላቸውን የአቡነ ተከስተ ብርሃንን ስምም መሞከር እንዳለበት የሚያውቀው የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ ነው፤ መፈለጊያው ይህን በራሱ አያውቅም። ስለዚህ ከፍለጋው ጎን በሰው እጅ የተጻፈ አጭር መምሪያ ያስፈልጋል። ሮቸስተሮች እናት ጋ ሲደወል ያገኙት ነገር እኮ ይኸው ነው።

ገጹ ላይ ስለሚቀመጡ ስያሜዎች ብዙ አልልም። አሜሪካዊው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ጆን ኩፐርስሚዝ የብዙ ተቋማትን ፈተና አሰባስቦ ሲያነጻጽር፣ ተጠቃሚዎች የጆርናል ጽሑፍ ፈልገው የሚሳካላቸው በግማሽ ያህሉ ጊዜ ብቻ ሆኖ አገኘው፤ ከሚያደናግሩት ቃላት መካከል ዳታቤዝ፣ ሪፈረንስ፣ ሪሶርስ ነበሩ። የእነዚያ ተጠቃሚዎች አፍ መፍቻ እንግሊዝኛ ነው! የእኛ ተማሪ «ኦፓክ»ን እና «ኢንስቲትዩሽናል ሪፖዚተሪ»ን ምን ያድርጋቸው? እሱ የሚፈልገው «የድሮ ሪሰርቾች»ን ነው። ኤግዚት ኤግዛም በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ «ያለፈ ፈተና»ን። የቤተ መጻሕፍቱን አገልግሎቶች በትንንሽ ካርቶን ላይ ጽፎ ለተማሪዎች መስጠትና «በሚመሳሰል በሚመሳሰሉ ከምሯቸው፤ ለክምሩም ስም አውጡለት» ማለት አንድ ከሰዓት ይፈጃል። ክምሮቹ የገጹ ማውጫ ይሆናሉ፤ ተማሪው ያወጣው ስም ደግሞ አዝራሩ ላይ ይጻፋል። አንዳንድ መምህራን «ደረጃው ወረደ» ማለታቸው አይቀርም። ይበሉ።

ኔትወርኩን ሳላነሣ ባልፍ ግን ጎጃምን አላውቅም ማለት ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በሰላሙም ጊዜ ቢሆን ተማሪው በጥቅል የገዛትን ዳታ እየቆጠረ ነው የሚከፍተው፤ አንድ ያልተጨመቀ የምረቃ ፎቶ ብዙ ገጽ ጽሑፍ ይበላበታል። ካታሎጉና የጥናቶቹ ማከማቻ ግቢ ውስጥ ባለ አገልጋይ ላይ ከተቀመጡ የውጭው መስመር ቢቆረጥም በግቢው ዋይፋይ ይሠራሉ። ይህን ብዙዎች ያውቃሉ። የማይታወቀው ሌላ ነው፤ ገጹ የፊደል ቅርጹን ከጎግል አገልጋይ፣ አኒሜሽኑን ከሌላ የውጭ አገልጋይ የሚያመጣ ከሆነ፣ መስመሩ በተቋረጠ ጊዜ አሳሹ የማይመጣውን ሲጠብቅ ገጹ ነጭ ሆኖ ይቆያል። መጽሐፉ ሕንፃው ውስጥ፣ አገልጋዩ ሕንፃው ውስጥ፣ ተማሪውም ሕንፃው ውስጥ ሆኖ ገጹ ካሊፎርኒያን ይጠብቃል። በተጠቃሚ ፈተና ቀን ከሚደረጉት ሁሉ በጣም ጠቃሚው የውጭውን ገመድ ነቅሎ «አሁን ፈልግ» ማለት ነው።

እድሳቱ ሲያልቅ የሚመጣው ጉዳት ደግሞ ከእድሳቱ ራሱ ነው። አዲሱ ገጽ ሥራ በጀመረ ማግስት የአሮጌው አድራሻዎች ይሞታሉ። በየጥናቱ ማጣቀሻ ውስጥ የተጻፉ፣ በየቴሌግራሙ የተጋሩ አገናኞች ሁሉ «ገጹ አልተገኘም» ይላሉ። ድረ ገጽን የፈለሰፈው ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1998 በጻፈው ማሳሰቢያ አድራሻ የሚሞተው ሰው ስለሚለውጠው እንጂ ቴክኖሎጂው ስለሚያስገድድ አይደለም ሲል ተሟግቷል። አሮጌውን አድራሻ ወደ አዲሱ የሚመራ ዝርዝር ማዘጋጀት የእድሳቱ ውል ውስጥ መግባት አለበት፤ ካልገባ ሠሪው ገንዘቡን ተቀብሎ ከሄደ በኋላ ማንም አይሠራውም።

ለጥናቶች ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠቀሙበት ዲስፔስ የተባለው ሶፍትዌር፣ ኤምአይቲና ሂውሌት ፓካርድ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት፣ ለዚህ መላ አብጅቶ ነበር። ለእያንዳንዱ ጥናት ሀንድል የሚባል፣ አገልጋዩም ሆነ የገጹ ስም ቢለወጥ የማይለወጥ ቋሚ መለያ ይሰጣል። ለዚህም ተቋሙ ተመዝግቦ፣ በየዓመቱ መጠነኛ ክፍያ እየከፈለ፣ የራሱን መነሻ ቁጥር ማውጣት አለበት። እስኪወጣ ድረስ ሶፍትዌሩ በጊዜያዊነት አንድ የሙከራ ቁጥር ይሰጣል፦ 123456789። ከአገር ውስጥም ከውጭም ስንት ማከማቻ ዛሬም በዚህ ቁጥር እንደሚሠራ ለማየት የጥናቱን አድራሻ ማንበብ ብቻ ይበቃል። በዚህ ቁጥር የተመዘገበ ጥናት ዓለም የሚያውቀው ቋሚ መለያ የለውም፤ የሚቀጥለው እድሳት አድራሻውን ካጠፋው የዲማው ጥናትም አብሮ ይጠፋል። ቁጥሩን የሚያስቀይረው ዲዛይነር አይደለም። ዓመታዊ ክፍያውን በበጀት የሚያስይዝ፣ በውጭ ምንዛሪ እንዲከፈልም ፋይናንስ ክፍል ደጋግሞ የሚመላለስ አንድ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነው።